ክሮኖስ ሴቶቹን ለምን አስቀደመ?

ነይ ምርታሌ፣ ከእኔ ጎን ቁጭ በይ። ምን ያሽኮረምምሻል? ወፍጮውን ተዪው፤ የትም አይሄድብሽም፣ ነገም እዚያው ታገኚዋለሽ። ዛሬ የክሮኖስ በዓል ነው፤ ዛሬ ባሪያና ጌታ ባንድ ገበታ ነው። ኡፍ፣ ሙቀቱ! ከሄሜቶስ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ዘንድሮ የት ገባ? ገብሱ ተወቅቶ አለቀ ብለን ደስ ሲለን፣ ፀሐዩ ደግሞ እኛን መውቃት ጀመረ።

ምስሩ እንዴት ነው? ጨው አነሰው? እንግዲህ ቻይው፣ የቀቀለው ጌታችን ራሱ ነው። በዓመት አንድ ቀን ድስት ለሚነካ እጅ ይሄ ምን ይወጣለታል? እኔማ ወድጄዋለሁ። በተለይ ከሥር ያረረውን።

ጌታዬ፣ ለምርታሌ ወይን ቅዳላት እንጂ፤ ጽዋዋ ደርቋል። ውሃ አታብዛበት፣ ውሃውን በሌላው ቀን እንጠጣዋለን። እንዲያ ነው… አየሽ ሲያምርበት? ልብሱን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ፣ ማሰሮውን በሁለት እጁ ይዞ… አንቺ ትፈሪው እንደሆነ እንጂ እኔ ምን ያስፈራኛል? ይሄን ትከሻ ያሳደገው የእኔ የማንያ ጡት ነው። ዛሬ እንደ ልጅነቱ «አንተ» እለዋለሁ። ነገ «እርስዎ» ይሆናል፤ ነገ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ይህን በዓል የምወደው ለዚህ ነው።

በሩ ላይ የተሰቀለውን የወይራ ጉንጉንስ ልብ ብለሽ አይተሽዋል? እንዴት ያምራል! ወንድ ልጅ የተወለደበት ቤት ከሩቅ ያስታውቃል። ሴት ብትሆን እኮ የበግ ሱፍ ነበር የሚሰቀለው። ሱፍ ደግሞ ምኑ ያምራል? ዝንብ ነው የሚሰበስበው። ስጦታውስ! ኩሽናውን አይተሽዋል አይደል? ከየቤቱ የመጣው ባለ ስምንት እግር የባሕር አውሬ፣ ኦክቶፐሱ ብቻ፣ እግሩ ቢቆጠር መንገዱን ሁሉ ይሞላል። ነገ ሕፃኑ በአባቱ ክንድ ታቅፎ ምድጃውን ይዞራል፣ ስም ይወጣለታል፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይበላል። ከጎረቤት ወንዶች ግን ልጁን እስካሁን ያየው የለም፣ አይደል? «ተኝቷል» ነው መልሱ። ጠዋት ተኝቷል፣ ማታ ተኝቷል። እንቅልፋም ልጅ ለቤተሰብ እረፍት ነው።

ለመሆኑ የማንን በዓል እንደምትበዪ ታውቂያለሽ? ከሶርያ የመጣሽው ካቻምና ነው፤ ማን ይንገርሽ። እኔ ልንገርሽ። ጌታዬም እየቀዳ ቢሰማ ምንም አይደል፤ የአማልክት ታሪክ ነው እንጂ የሰው ሐሜት አይደለም። ሐሜት መቼ አውቅና!

በመጀመሪያ ምንም አልነበረም። ካዎስ ይሉታል፤ አፉን የከፈተ ጨለማ ገደል በይው። ከዚያ ጋያ መጣች፤ ምድር ማለት ናት። እሷ ደግሞ ብቻዋን፣ ባል ሳይኖራት፣ አዋላጅ ሳትጠራ፣ ሰማይን ወለደችው። ኡራኖስ አለችው። አየሽ፣ የመጀመሪያው ወንድ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ማንም ወንድ በር ላይ ቆሞ አልጠበቀውም። ይህን በዚህ አገር ጮክ ብሎ የሚያወራው የለም፤ አንቺም ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ። ከራሷ እኩል አድርጋ ወለደችው፣ ከዳር እስከ ዳር እንዲያለብሳት። አለበሳት! ለብሷት ቀረ እንጂ መቼ ተነሳ!

ልጆች መጡ። አንዳንዶቹ ቆንጆዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ግንባራቸው ላይ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ መቶ እጅ ያላቸው። አባትየው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና «እነዚህ አይሆኑኝም» አለ። እናታቸው ሆድ ውስጥ መልሶ ወተፋቸው። በቃ፣ አልወደዳቸውማ! የወለደቻቸው እሷ ናት፣ ያማጠችው እሷ ናት፤ ሆኖም የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚመርጠው እሱ ነው። ይህ ነገር ሰማይ ላይ መጀመሩ ደስ አይልም? እኛ ቤት ውስጥ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው… እኛ ቤት አልኩ? በዚህ ምድር ማለቴ ነው።

ምድር ሆዷ ሞልቶ ቃተተች። ማጭድ ሠራችና ልጆቿን ሰብስባ «ማነው ወንድ?» አለቻቸው። ያ ሁሉ ጎረምሳ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። የሁሉም ታናሽ፣ ይሄው የዛሬው ባለ በዓል፣ ክሮኖስ፣ «እኔ አለሁ» አለ። አባቱን ምኑን እንደቆረጠው አልነግርሽም፣ ምስር እየበላን ነው። ብቻ ሰማይ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምድር ርቆ ነው የሚኖረው። ቀና ብለሽ እይው፤ ዛሬም አልተመለሰም።

ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል። አይ፣ አንቺ አታውቂውም። ቤቱ ከተራራው ወዲያ ማዶ ነው። ግሩም ሰው! እሱ አባቱን ሲተካ ማጭድ አላስፈለገውም፤ ጨዋ ነው። «አባዬ፣ ደክሞሃል» ብሎ የጎተራውን ቁልፍ በክብር ከሽማግሌው ወገብ ፈታው። አባትየው አሁን የሚተኙት ከበቅሎው ጋር ነው። ለክረምቱ ታስቦላቸው ነው እኮ! የበቅሎ ትንፋሽ እንደሚያሞቅ ታውቂ የለ? እንዲህ አሳቢ ልጅ ስንቱ አባት ተመኝቶ አጥቶታል።

ውይ፣ እግረ መንገዴን ሳልረሳው… ለኛ ለትልቁ ጌታ፣ ለጌታዬ አባት፣ ምስር ተወስዶላቸዋል? አልተወሰደም? በአምላኳ በዴሜተር! ባሪያው ሁሉ ገበታ በቀረበበት ቀን? እንግዲህ ተኝተው ይሆናል። እዚህ ቤት እንቅልፍ የዘር ነው፤ አያትም ተኝቷል፣ ሕፃንም ተኝቷል። ቲቢዮስ፣ አንተ ወደ በሩ ቅርብ ነህ፤ እባክህ ይሄን ሳህን አድርስላቸው። አደራ፣ ያላረረውን።

ምን ላይ ደርሼ ነበር? አዎ፣ ክሮኖስ ነገሠ። እህቱን ራያን አገባ። አማልክት ናቸው፣ ይሄ ለእነሱ ነውር አይደለም። ያኔ አባቱም እናቱም «ከልጆችህ አንዱ፣ ወንዱ፣ አንተ በአባትህ ላይ ያደረግኸውን ያደርግብሃል» አሉት። ወንዱ! ልብ አድርጊ። ሰውየው ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሚስቱ በወለደች ቁጥር ጉልበቷ ሥር ቁጭ ብሎ እየተቀበለ መዋጥ ጀመረ።

መጀመሪያ የተወለደችው ሄስቲያ ናት፤ ይህቺ ምድጃችን ላይ ያለችው፣ የቤት እሳት። ዋጣት። ቀጥላ ዴሜተር መጣች፤ ይሄን ገብስ የሰጠችን። ዋጣት። ሄራ መጣች፤ ዋጣት። ከእነሱ በኋላ ሁለት ወንዶች መጡ፤ እነሱንም ዋጠ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ይህ ነገር አይገባኝም ነበር። የሚጥልህ ወንድ ነው ተብሏል። ታዲያ ሴቶቹን ለምን አስቀደመ? ሄስቲያ ምን አደረገችው? ማጭድ ይዛ መጣች? ዙፋንህን ልቀመጥበት አለችው? ገና ዓይኗን ያልገለጠች ልጅ!

ዘንድሮ ነው የገባኝ። ወንድ ልጅ ለመዋጥ ትንቢት ያስፈልጋል። ለሴቷ አፍ መክፈት ብቻ ይበቃል።

ብዪ እንጂ፣ ምን ሆንሽ? ወይራውን ቅመሺ። ጌታዬ፣ አንተም አረፍ በል፣ ቆመህ ዋልክ። አይሆንም? እሺ፣ እንደፈቀድክ። በቆምክበት ጆሮህ ብቻ ከእኛ ጋር ይሁን።

ያ የማዶው ሰውዬ ያልኩሽ… እሱም ወንድ ልጅ ነበር የሚመኘው። ማን የማይመኝ አለ? የመጀመሪያዋ ግን ሴት ሆነች። ምን ያደረገ ይመስልሻል? አልዋጣትም፣ ምን ነካሽ፣ ሰው ነው እኮ! በማድጋ ውስጥ አድርጎ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ተራራው ሥር ወስዶ አስቀመጣት። በማድጋ! ድንጋይ እንዳይቆረቁራት ብሎ ነው መቼም። ማድጋውም አዲስ ነበር። ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ አይብና በለስ ቀርቦለት በላ። የምግብ ፍላጎቱ እንኳ አልተዘጋም፤ ጤነኛ ሰው ማለት እሱ ነው።

እዚያ ቤት አንዲት ጓደኛ አለችኝ። እንደ እኔ ከፍርግያ አገር የመጣች፣ እንደ እኔ አሮጊት፣ እንደ እኔ የሌላ ሰው ልጅ ስታሳድግ ያረጀች። እሷ ናት የነገረችኝ። ጎህ ሲቀድ እንጨት ለቀማ ብላ ወጣችና ማድጋውን ፈልጋ አገኘችው። ባዶ ነው። ሰው ራርቶ ወስዷት ይሁን… ሌላ ነገር ይሁን… ማን ያውቃል። ጓደኛዬ ያን ማድጋ ታቅፋ እስኪወጣላት አለቀሰች። እኔም ስትነግረኝ አለቀስኩ፤ አልዋሽሽም። የቤቱ እመቤት ደግሞ፣ በፊት ሽመናው ላይ ስትቀመጥ ድምፅዋ እስከ ወይራው ማሳ ይሰማ የነበረችው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ዘፈን አልወጣትም። ባልየው ግን ይህንንም በበጎ ነው ያየው። «አሁን ቤቱ ጸጥ አለ» ይላል አሉ።

ዘንድሮ እመቤቲቱ እንደገና አረገዘች። ሰውዬው በዚህ ጊዜ ወንድ እንደሆነ አወቀ። በምን አወቅክ? «ሆዷ ሾጠጥ ብሏል፣ ደግሞ ሽንኩርት አምሯታል» አለ። ሊቅ እኮ ነው! ገና ምጡ ሳይፋፋም የወይራ ቅርንጫፍ አስቆረጠ፣ ጉንጉኑን አሳሰረ፣ ይዞት በር ላይ ቆመ። ውስጥ ሕፃን ጮኸ። ጮኸ ብቻ ነው ያልኩሽ! «ሰማችሁ? ይህ የወንድ ድምፅ ነው!» ብሎ ሰቀለው። አዋላጇ እኮ እትብቱን ገና አልቆረጠችም። መንገደኛው ሁሉ አየ፤ ወንዶቹ እየመጡ አቀፉት፣ ጀርባውን መቱለት። እሱም ወይን አስቀዳ፣ ጠጣ፣ አጠጣ። ልቡ ተራራ አከለ። ከዚያ በኋላ ነው ገብቶ ጨርቁን የገለጠው።

…ጌታዬ! ፈሰሰ እኮ። ምንም አይደል፣ ምንም አይደል፤ መሬት የጠጣችው ለአማልክት ነው። ምርታሌ፣ እግርሽን ሰብስቢ። ይሄ እጅ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ ሲደነግጥ የያዘውን ይለቃል።

እና ይኸውልሽ፣ የእኛ ጀግና ጨርቁን ገለጠ። ሴት ናት። ያውም ምን የመሰለች! ጓደኛዬ እንደምትለው ጸጉሯ እስከ አንገቷ፣ ጣቶቿ ረዣዥም፣ አንዴ የያዘችውን ጣት የማትለቅ። አሁን ምን ይደረግ? ጉንጉኑን አውርዶ ሱፍ መስቀል ነው፣ አትዪኝም? ቀላል ይመስልሻል። ያ ሁሉ ጀርባውን የመታለት ወንድ ምን ይላል? አንድ ሰው በገዛ በሩ ላይ በገዛ እጁ ተሳስቶ ሲገኝ! ስለዚህ ሰውዬው ሌላ ብልሃት አመጣ። ጓደኛዬን ለብቻዋ ጠራትና «ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ምድጃው ሳይዞር፣ ማድጋውን ይዘሽ ትወጫለሽ። ሰው ሲጠይቅ ወንዱ ልጅ ሌሊት ሞተ በዪ» አላት።

ገባሽ? ላልተወለደ ወንድ ልጅ ደረት ሊመቱ ነው። የተወለደችውን ደግሞ ተራራው ሥር ሊተዋት። አንድ የቅርንጫፍ ጉንጉን ከሚወርድ አንዲት ልጅ ብትሄድ ይሻላል ብሎ! ኡራኖስ መቶ እጅ አስጠልቶት ነው፣ ክሮኖስ ዙፋኑ አስፈርቶት ነው። ይሄኛው ግን ጀርባውን የመቱትን ጎረቤቶች ፈርቶ ነው። ከአማልክቱ በልጧል እኮ! በምክንያት ማነስ ማንም አይደርስበትም።

ጓደኛዬ ምን መለሰችለት? ምን ትመልሳለች? «እሺ ጌታዬ» አለች። ባሪያ አይደለች? ማድጋው አሁን የወይን መጥመቂያው ጥግ ተቀምጧል፤ ጨርቅ ጣል አድርገውበታል። እሷ ግን በዚያ ጥግ ላለማለፍ ግቢውን ትዞራለች። ዕድሜ ነው መሰለኝ።

ራያም አንድ ቀን መረራት። ዜውስን ስታረግዝ ሄዳ በስውር ወለደችው፤ ለባሏ ደግሞ ድንጋይ በሕፃን ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ተቀበለ። አልገለጠም፣ አላየም፣ አላሸተተም። ዋጠ! የዓለም ንጉሥ ድንጋይና ልጁን መለየት አቃተው። እንዲያውም ከዋጠ በኋላ አፉን ጠርጎ ተንጎራደደ ይባላል፣ «ቤቴን ጠበቅሁ» እያለ። ድንጋዩን እኮ እኔ አይቼዋለሁ! ትልቁ ጌታችን ገና ቁልፉን… ገና ጉልበታቸው ሳይደክም፣ ወደ ዴልፊ መቅደስ ይዘውን የሄዱ ጊዜ። ቋጥኝ የሚያክል መስሎኝ ነበር። ትንሽ ናት፤ የምታክለው ዳቦ ነው። በየቀኑ ዘይት ያፈሱባታል።

ሰው ሁሉ ከበዋት ይስቃል። እና እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። ክሮኖስ አምስት ልጆቹን ዋጠ፤ በዚያ ማንም አይስቅበትም፣ እንዲያውም ይፈሩታል። የሚስቁበት ድንጋዩን በመዋጡ ነው። የማዶው ሰውዬም ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ክፉ ቢሉት ይችለዋል፤ ሞኝ እንዳይሉት ነው ይሄ ሁሉ መከራ።

ታዲያ የሚያሳዝነኝ ምን መሰለሽ? የሚያውቅ የለም ብሎ ማሰቡ! ምጥ ላይ እኮ ሴቶች አሉ። አዋላጇ አለች፣ ውሃ ያሞቀችው ጎረቤት አለች፣ እመቤቲቱን ከኋላ ደግፋ የያዘቻት የዓሣ ነጋዴው ሚስት አለች፤ እሷ ደግሞ ምን ያህል አፏን እንደምትጠብቅ አንቺም ታውቂያለሽ። ሁሉም አይተዋል። ምንጭ ላይ እንስራቸውን እየሞሉ ከዚህ ሌላ ወሬ የላቸውም። ስም ሁሉ አውጥተውለታል። «ድንጋይ ዋጩ» ይሉታል! ኦክቶፐሱን ሲያመጡለት ሳቃቸውን እያፈኑ ነው። ለባሎቻቸው እስካሁን ያልነገሩት ለእሱ አዝነው አይደለም፤ የሚያደርገውን አይተው ሊነግሩ ነው። ሱፍ ቢሰቅል ወንዶቹ አንድ ቀን ይስቃሉ፣ ሁለት ቀን ይስቃሉ፤ ከዚያ የአንዱ ፍየል ይጠፋል፣ ወሬው ወደ ፍየሉ ይዞራል። «ሞተ» ካለ ግን… በሬሳው ቦታ ምን ሊቀብር ነው? እዚህ መንደር… እዚያ መንደር ማለቴ ነው፣ ያ ስም ከእሱ አልፎ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ልጅ ልጅ ካየ።

እኔ ግን አልፈርድበትም። ሰው ሲጨንቀው ያደርገዋል።

ክሮኖስስ መጨረሻው ምን ሆነ? ዜውስ አድጎ መጣ፣ የሚያስመልስ ነገር አጠጡት፣ ሁሉንም ተፋቸው። መጀመሪያ ድንጋዩ ወጣ፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ። መጨረሻ ላይ የወጣችው ሄስቲያ ናት። ከሁሉም በፊት የተዋጠችው፣ ከሁሉም በላይ ጨለማ ውስጥ የቆየችው። ዛሬ በየቤቱ መሃል የተቀመጠችው ማን ናት? እሷ ናት። መሥዋዕት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚቆረሰው ለእሷ ነው፤ ለዜውስ እንኳ አይደለም። ነገ ጠዋት አባት ሁሉ ልጁን ታቅፎ የሚዞረው በማን ዙሪያ ነው? በዚያች በተዋጠችው ሴት ልጅ ዙሪያ። እዚያ ፊቷ ቆሞ፣ ዓይኗን እያየ፣ «ሴት አይሆነኝም» የሚል አባት ድፍረቱን አደንቅለታለሁ። ከልቤ ነው።

እስ… ሰማሽ? ነቃች መሰለኝ። ነቃ ማለቴ ነው። አቤት ጉልበት! ምን ትያለሽ ምርታሌ፣ አንቺ ጆሮሽ ደህና ነው፤ ይሄ የወንድ ድምፅ ነው?

አትዙሪ። ወደ ሳህንሽ እዪ፣ ብዪ። ማሰሮውን አስቀመጠ… ወዴት ሄደ? ወደ ወይን መጥመቂያው ነው? ቲቢዮስ፣ መጣህ? ትልቁ ጌታ በሉልህ? ደግ። በል ቁጭ በልና ወደ ደጅ እያየህ በቀስታ ንገረኝ። በሩ ላይ ነው? ምን እያደረገ ነው? ቆሟል… እሺ… እጁን ዘረጋ? ጉንጉኑን? ወደ ታች ነው የሚስበው ወይስ እያስተካከለው ነው? … አወረደው? ሙሉ በሙሉ? ጽዋዬን ያዙልኝ እናንተ። አይ፣ ምንም አልሆንኩም፤ ወይኑ ነው፣ ውሃው አንሶበታል።

ምን አልክ፣ ጌታዬ? ጮክ በልልኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል። ሱፍ? ሱፍማ ሞልቷል! በእመቤታችን ክፍል ነው፤ ከአልጋዋ ወዲያ ባለው ቅርጫት ውስጥ።

ምርታሌ! ቁጭ በይ፣ የት ትሄጃለሽ? ዛሬ የምንነሳበት ቀን ነው እንዴ? ራሱ ገብቶ ያምጣ። ደግሞ ሞኝ አትሁኚ፤ ቅርጫቱ ያለው ከልጅቱ ወዲያ ነው፤ እሷን ጎንበስ ብሎ ሳያልፍ ሱፍ አያገኝም። ጣት መያዝ እንደምትወድ ነግሬሻለሁ አይደል? … ቆየ። ይቆይ፣ ማን ያባርረዋል። … እመቤቴ እያለቀሰች ነው? አይደለም። በዴሜተር፣ አይደለም። ያንን ዘፈን ታውቂዋለሽ? አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነበር የምትዘፍነው።

መጣ። ሱፉን ይዟል። ልክ ነው ጌታዬ፣ እዚያው ምስማሩ ላይ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው፤ ከመንገድ እንዲታይ። ኧረ ያምራል! ዝንብ ይሰበስባል ያለው ማነው? ኦክቶፐሱም አይመለስም፤ ኦክቶፐስ ወንድና ሴት አይለይም። ማድጋውን ለእኔ ተወው፣ የወይራ ፍሬ እዘፈዝፍበታለሁ።

በሉ፣ ጽዋችሁን አንሱ። ከመሸ ወዲያ አፌ የእኔ አይደለም፤ አሁን ልመርቅበት። ለማን ነው የምትዪኝ? ለዚያ ለማዶው ሰው ነዋ! ክፉ ሰው እኮ አይደለም፤ መካሪ ያጣ ነው። ሴት ልጁ በደጁ ትደግለት፣ ጉልበቱ ሥር ትጫወትለት፣ ሠርጓ በሳቅ ይሙላ። ሚስቱ ትዘፍንለት። ደጁ ወዳጅ አይጣ፣ ጎተራው እህል አይጣ። ያን ያህል የተመኘውንም አማልክት አይንፈጉት፤ ቀጥሎ ወንድ ልጅ ይስጡት። ጠንካራ፣ ቆፍጣና፣ ቁርጥ አባቱን የሚመስል። መልኩ ብቻ አይደለም፣ ጠባዩም የእሱ ይሁን፤ እሱ ለአባቱ የሆነውን ያህል ያ ልጅ ደግሞ ለእሱ ይሁንለት። ይህንንም በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ፣ ጠግቦ እስኪያርፍ ድረስ ለጌታው ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና ይስጡልን።